የአንድ ሺህ አንድ ሌሊት ተረቶችን በፊልም ለሚመለከቱ የተዘጋጀ መመሪያ

ከ«አንድ ሺህ አንድ ሌሊት» የተቀዱ ፊልሞች ቁጥራቸው ብዙ፣ ደረጃቸውም የተለያየ በመሆኑ፣ ሳይመርጥ የሚጀምር ተመልካች ሁለትና ሦስቱን እንዳየ ሁሉም አንድ ይሆኑበታል፤ ፋኖስ፣ በራሪ ምንጣፍ፣ ጥምጥም ያሰረ ክፉ ሹም፣ በመስኮት ቆማ የምትጠብቅ ልዕልት። ይህ መመሪያ አስቀድሞ ምን ማንበብ እንደሚገባ፣ የትኛው ፊልም ከየትኛው ቢቀድም እንደሚሻልና እየተመለከቱ ምን ማስተዋል እንደሚበጅ ለማሳየት የተጻፈ ሲሆን፣ ለብቻውም ሆነ ከልጆቹ ጋር ለሚያይ ሰው ያገለግላል። የጸሐፊው አቋም ከመነሻው ይታወቅ፦ ሲኒማው ከዚህ መጽሐፍ ዕቃውን ወስዶ ተራኪዋን ትቷል። ስለዚህ በየፊልሙ ፊት ሊነሣ የሚገባው ዋና ጥያቄ በአንደበቷና በብልኃቷ ራሷንም ሌላውንም የምታተርፈው ሴት የት ደረሰች የሚለው ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከፊልሙ በፊት መጽሐፉን ማወቅ

ፊልሙ ከመጽሐፉ ጋር ይመሳሰላል ወይ የሚለው የተለመደ መለኪያ እዚህ ብዙ አያስኬድም፤ ምክንያቱም የአንድ ደራሲ አንድ መጽሐፍ የሚባል ነገር የለም። ስብስቡ ከሕንድ፣ ከፋርስ፣ ከባግዳድ፣ ከሶርያና ከግብፅ የመጡ ተረቶች በየዘመኑ እየተጨማመሩ የተከማቹበት ነው። ፈረንሳዊው አንቷን ጋላን ከ1704 እስከ 1717 በ12 ቅጽ ተርጉሞ ሲያሳትመው በእጁ የነበረው የሶርያ የእጅ ጽሑፍ 300 ሌሊት እንኳ አይሞላም ነበር። ከሁሉ ይበልጥ የሚታወቁት አላዲንና አሊ ባባ ደግሞ በዚያ ጽሑፍ ውስጥ አልነበሩም፤ ሐና ዲያብ የተባለ የሶርያዋ ሐለብ ሰው፣ ማሮናዊ ክርስቲያን፣ በ1709 ፓሪስ ላይ በቃል ለጋላን የነገራቸው ናቸው። የሲንድባድ ጉዞዎችም ለብቻቸው ይነበቡ የነበሩና በኋላ የተቀላቀሉ ናቸው።

ይህን ማወቅ ለተመልካች ተግባራዊ ጥቅም አለው። አንድ ፊልም አላዲንን ከዐረብ ከተማ ሲያኖረው ሌላው ቻይና ቢያደርሰው፣ ስሕተት ነው ብሎ ከመፍረድ ያድናል፤ የጽሑፉ አላዲን ቻይና ውስጥ የሚኖር የልብስ ሰፊ ልጅ ሲሆን፣ ንጉሡ ግን ሱልጣን ይባላል፣ ወጉም የእስልምና አገር ወግ ነው። ተረቱ ራሱ ከመነሻው ቅይጥ ነበር።

ሙሉውን ስብስብ ማንበብ አያስፈልግም። ሆኖም ከማንኛውም ፊልም በፊት መግቢያው ታሪክ መነበብ አለበት። ንጉሥ ሸህሪያር ሚስቱ ስለከዳችው በየምሽቱ አንዲት ልጃገረድ እያገባ ጠዋት ያስገድላታል። የሹሙ ልጅ ሸህራዛድ አባቷ እየለመናት በገዛ ፈቃዷ ትገባለች፤ እኅቷን ዱንያዛድን አስጠርታም ሌሊት ላይ «እስኪ ተረት ንገሪን» እንድትላት አስቀድማ ትመክራታለች። ንጋት ሲደርስ ተረቱ ከመካከሉ ይቋረጣል፤ ንጉሡም መጨረሻውን ለመስማት ሲል ግድያውን ለነገ ያሳድረዋል። ከዚህ ቀጥሎ የዓሣ አጥማጁንና የጂኒውን፣ የዙሙሩድን፣ የአሊ ባባን፣ እንዲሁም ከሲንድባድ ጉዞዎች ቢያንስ ሦስተኛውንና አምስተኛውን ማንበብ ለሚከተሉት ፊልሞች ሁሉ በቂ ስንቅ ነው።

በየትኛው ፊልም ይጀመር?

ብዙ ሰው በ1992ቱ የዲዝኒ አላዲን ይጀምራል። ይህ መመሪያ የሚመክረው ግን ጀርመናዊቷ ሎተ ራይኒገር በ1926 ባወጣችው «የልዑል አሕመድ ጀብዱዎች» እንዲጀመር ነው። እስከ ዛሬ ከተረፉት ረዣዥም የአኒሜሽን ፊልሞች ሁሉ በዕድሜ የሚበልጠው እርሱ ነው። ርዝመቱ አንድ ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ በመሆኑ ልጅም አይሰለችበትም፤ ድምፅ አልባ ስለሆነ የቋንቋ ችግር የለበትም፤ በየመካከሉ የሚገቡትን አጫጭር ጽሑፎች አንድ ሰው እየተረጎመ ቢያነብ ይበቃል።

አሠራሩን ዐውቆ ማየት ደስታውን ያበዛዋል። ራይኒገር ገጸ ባሕርያቱን ከጥቁር ካርቶንና እርሳስ ከሚባለው ብረት ስስ ዝርግ ቆርጣ፣ መጋጠሚያቸውን በሽቦ እያሰረች፣ ከሥር ብርሃን በሚበራበት መስታወት ላይ እያስተኛች ከላይ በተተከለ ካሜራ አንድ በአንድ አንሥታቸዋለች። ሥራው ከ1923 እስከ 1926 ፈጅቷል። ፊት የማይታይበት ፊልም በመሆኑ ስሜቱ ሁሉ የሚገለጸው በጣት፣ በአንገትና በወገብ ነው። የአስማተኛውን ረዣዥም ጣቶች ብቻ መከተል ይበቃል፤ ገና ክፋት ሳይሠራ ጣቶቹ ነገሩን ያወጡታል። ወደ መጨረሻው ጠንቋይቱና አስማተኛው መልካቸውን ወደ ልዩ ልዩ እንስሳ እየለወጡ ሲዋጉ የሚታየው ትዕይንት በመጽሐፉ የሁለተኛው ፈቂር (ለማኝ ባሕታዊ) ታሪክ ውስጥ ካለው ውጊያ ጋር ይመሳሰላል፤ በመጽሐፉ ግን ከጂኒው ጋር የምትዋጋው የንጉሥ ልጅ ስትሆን፣ አሸንፋ እርሷም በእሳቱ ትሞታለች። ፊልሙ ውጊያውን ለጠንቋይቱ ሰጥቶ ልዕልቲቱን ሌሎች የሚያድኗት ብቻ አድርጓታል።

ቀጥሎ በ1940 የወጣው «የባግዳድ ሌባ» ይታይ። (በ1924 በዳግላስ ፌርባንክስ የተሠራው የስም አቻው በግንባታዎቹ ግዙፍነት የሚደነቅ ቢሆንም በጣም ረጅም ነው፤ ለጊዜው ቢታለፍ አይጎዳም።) በአሌክሳንደር ኮርዳ አዘጋጅነት ለንደን ላይ የተጀመረው ይህ ፊልም ጦርነቱ ስለደረሰ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ አለቀ፤ በቀረጻ፣ በሥነ ጥበብ ዝግጅትና በልዩ ትዕይንት ሦስት ኦስካር አግኝቷል። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ማስተዋል ይገባል። አንደኛው፣ ሌባው ልጅ አቡ በባሕር ዳር ያገኘውን ጠርሙስ ሲከፍት የወጣው ጂኒ ሊገድለው ሲል፣ «ይህን የሚያክል ግዙፍ ከዚህች ውስጥ ነበር ብዬ አላምንም» በሚል ማታለል ተመልሶ እንዲገባ ማድረጉ ነው፤ ይህ ከዓሣ አጥማጁ ተረት በቀጥታ የተወሰደ ነው። ልጁ ከተሰጡት ሦስት ምኞቶች የመጀመሪያውን ለተጠበሰ ቋሊማ ሲያባክን ማየት ዛሬም ያስቃል።

ሁለተኛው የጃፋር ነገር ነው። ጀርመናዊው ኮንራድ ፋይት የተጫወተው ክፉው ሹም ጃፋር ከዚህ ፊልም ወዲህ በሌሎች ፊልሞችም የክፋት ምሳሌ ሆኖ ቀርቷል። በመጽሐፉ ግን ጃፋር የከሊፋው የሃሩን አል ረሺድ ባልንጀራ ነው፤ ሌሊት ሌሊት ልብስ ቀይረው በባግዳድ ጎዳና አብረው ይዞራሉ፤ በ«ሦስቱ ፖሞች» ታሪክ ደግሞ በሦስት ቀን ውስጥ ነፍሰ ገዳዩን ካላገኘ እንደሚሰቀል ተነግሮት የሚጨነቅ ምስኪን ሹም ነው። በታሪክም ቢሆን የባርማኪዎቹ (የዝነኛው የሹማምንት ቤተ ሰብ) ወገን የሆነው ጃፋር በ803 በራሱ በሃሩን ትእዛዝ ተገድሏል። ተገዳዩን ገዳይ አድርጎ ማቅረብ የሲኒማው ፈጠራ መሆኑን ልብ ማለት ያሻል።

አሁን የዲዝኒው አላዲን ሲታይ ከየት እንደመጣ ግልጽ ይሆናል፤ የሹሙ ስም፣ የምኞቶቹ ሦስት መሆን፣ የሌባው ልጅ ጠባይ ከሐና ዲያብ ተረት ይልቅ ለ1940ው ፊልም ይቀርባሉ። በተረቱ የፋኖሱ ጂኒ ለምኞት ቁጥር አይወስንም፤ የቀለበቱ ጂኒም ሌላ ነው። ከሁሉ በላይ ግን የጎደለችው እናቱ ናት። በጽሑፉ ለልጇ የሱልጣኑን ልጅ ለማጨት የከበሩ ድንጋዮችን በዕቃ ይዛ፣ በጨርቅ ሸፍና፣ ቀን በቀን ከችሎቱ ፊት እየቆመች፣ ማንም ሳያናግራት እየተመለሰች፣ በመጨረሻ ሱልጣኑ ራሱ «ይህች ሴት ምን ትፈልጋለች?» ብሎ እስኪጠይቅ የምትታገሠው እርሷ ናት። የዲዝኒ ሰዎች እናቲቱን በመጀመሪያው ዝግጅት አስገብተው፣ ልጁ ስለ እርሷ የሚዘፍነው ዘፈንም ተሠርቶ ነበር፤ ኋላ ግን ሁሉም ተቆርጦ አላዲን ወላጅ አልባ ሆነ። የሮቢን ዊሊያምስ ድምፅና የአለን መንከን ዜማ የሚወደድ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን የመክፈቻው ዘፈን ግጥም ዐረቦችን ስለሚያዋርድ የዐረብ አሜሪካውያን ማኅበር ባሰማው ተቃውሞ በ1993 ከፊሉ መለወጡን ወላጅ ቢያውቅ መልካም ነው። የ2019ኙን ዳግም ቅጂ የዊል ስሚዝ ወዳጅ ካልሆኑ መዝለል ይቻላል።

ሲንድባድ፤ ተራኪው የጠፋበት መርከበኛ

የሲንድባድን ፊልም ለማየት የ1958ቱ «የሲንድባድ ሰባተኛ ጉዞ» ከሌሎቹ ይመረጣል። ለዚህም ምክንያቱ ሬይ ሃሪሃውዘን ትንንሽ አሻንጉሊቶችን ጥቂት በጥቂት እያንቀሳቀሰ፣ በየእንቅስቃሴው አንድ ምስል እያነሣ የሠራቸው ፍጥረታት ናቸው። ሲንድባድ ከዐፅሙ ጋር በሰይፍ የሚዋጋበትን ክፍል ሁለት ጊዜ ማየት ይጠቅማል፤ መጀመሪያ ለታሪኩ፣ ቀጥሎ የተዋናዩን ዓይን ብቻ ለመከተል። ተዋናዩ በቀረጻው ጊዜ የተዋጋው ከባዶ አየር ጋር ሲሆን ዐፅሙ የገባው በኋላ ነው።

ርዕሱ ሰባተኛ ጉዞ ይበል እንጂ ይዘቱ ከሌላ ቦታ የተለቀመ ነው። ሰው በላው ግዙፍና የዓይኑ መጥፋት ከሦስተኛው ጉዞ፣ መርከበኞቹ ሩክ የተባለውን የግዙፍ ወፍ ጫጩት በልተው የእናቲቱን ቁጣ መቀስቀሳቸው ከአምስተኛው የመጣ ነው። ከዚህ የሚበልጠው ለውጥ ግን ብዙ ሰው ሳያስተውለው ያልፋል። በመጽሐፉ ሲንድባድ ጎራዴ የሚመዝ ጀግና ሳይሆን ጉዞውን ጨርሶ፣ ሀብታም ሆኖ፣ በቤቱ ተቀምጦ የሚተርክ ነጋዴ ነው። አድማጩም ሲንድባድ የሚባል ድኻ ተሸካሚ ነው፤ ሸክሙን አውርዶ በደጁ ሲያርፍ ስለ ዕጣ ፈንታው ሲያማርር ተሰምቶ የተጠራ። ነጋዴው በየጉዞው ታሪክ መጨረሻ 100 ምስቃል ወርቅ እየሰጠ ያሰናብተዋል። የባለጠጋውና የተሸካሚው ፊት ለፊት መቀመጥ ለጀብዱዎቹ ትርጉም ይሰጣቸዋል፤ አንዱ በባሕር ላይ ያየውን መከራ የሚቆጥረው ሀብቱ ያለ ድካም እንዳልመጣ ለሌላው ለማስረዳት ነው። ፊልሙ ተሸካሚውን ጨርሶ አስወግዶታል። ስለዚህ ከልጆች ጋር ሲታይ ተሸካሚውን አስቀድሞ በቃል መተረክ፣ ከዚያ ፊልሙን መክፈት ጥሩ ዘዴ ነው።

አሊ ባባን መርጊያናን እየፈለጉ ማየት

የአሊ ባባን ተረት አንብቦ የጨረሰ ሰው ዋናው ባለታሪክ አሊ ባባ አለመሆኑን ይረዳል። እርሱ የዋሻውን ቃል ሰምቶ ወርቅ ከመጫን በቀር ብዙም አይሠራም። ሁሉን የምታቀነባብረው ባሪያይቱ መርጊያና ናት። የተቆራረጠው የወንድሙ የቃሲም ሬሳ ሕመም የገደለው እንዲመስል ጫማ ሰፊውን ዓይኑን ሸፍና አምጥታ የምታሰፋው እርሷ ናት። ሌባው ቤቱን ለመለየት በሩ ላይ በነጭ ጠመኔ ምልክት ሲያደርግ የጎረቤቶቹን በሮች ሁሉ በተመሳሳይ ምልክት ትሞላለች፤ በቀይ ሲደገምም በቀይ ትመልሳለች። አለቃው ዘይት ነጋዴ መስሎ በ19 በቅሎ 38 ጋን ጭኖ ሲመጣ፣ በ37ቱ ሰው፣ በአንዱ ብቻ ዘይት መኖሩን የምትደርስበት የራሷ መብራት ዘይት አልቆባት ልትቀዳ ስትወጣ ነው፤ ከጋኑ ውስጥ «ጊዜው ደረሰ?» የሚል ድምፅ ስትሰማ ሳትደነግጥ «ገና ነው» ብላ በየጋኑ እየዞረች ትመልሳለች። ከዚያ ዘይቱን አፍልታ በየጋኑ ታፈሳለች። በመጨረሻም እንግዳ መስሎ የመጣውን አለቃ በጭፈራ መሐል በጩቤ ትገድለዋለች።

በዚህ መመዘኛ የ1944ቱ የሆሊውድ «አሊ ባባና አርባዎቹ ሌቦች» ይወድቃል። ሌቦቹ ባግዳድን ከያዘው ከሞንጎሉ ሁላጉ ጋር የሚዋጉ አርበኞች ሆነዋል፤ በጦርነት ጊዜ የተሠራ ፊልም በመሆኑ ነገሩ ይገባል፤ መርጊያና ግን የለችም። በግብፅ ቶጎ ሚዝራሒ በ1942 ከኮሜዲያኑ አሊ አል ካሳር ጋር የሠራው አሊ ባባ የግብፅ ዐረብኛ ለሚሰማ ሰው፣ በተለይም በዐረብ አገር ኖሮ ቋንቋውን ለለመደ፣ ጥሩ መዝናኛ ነው። ከሁሉ ለመርጊያና ቦታ ሰጥቶ የሚገኘው ግን በ1980 ሕንድና ሶቪየት ኅብረት በጋራ የሠሩት፣ ዳርሜንድራና ሄማ ማሊኒ የተጫወቱበት ፊልም ነው። በሕንድ ፊልም ላደገ የአዲስ አበባ ተመልካች የዘፈኑ ብዛትና የርዝመቱ ነገር አያስቸግረውም፤ ሄማ ማሊኒም መርጊያናን (በፊልሙ ማርጂናን) ስትጫወት ጭፈራዋ በተረቱ ካለው ጭፈራ ጋር መልካም ይገጥማል።

ለአዋቂ ብቻ

ጣሊያናዊው ፒየር ፓኦሎ ፓዞሊኒ በ1974 ያወጣው ፊልም ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ፋኖስም አላዲንም የለበትም፤ ከየመን፣ ከኢራንና ከኔፓል ሌላ ከፊሉ በኢትዮጵያና በዚያን ጊዜ የኢትዮጵያ ክፍል በነበረችው ኤርትራ ተቀርጿል። ዋናዋን ዙሙሩድን የተጫወተችው ኢነስ ፔሌግሪኒ ከኤርትራ የምትወለድ ናት፤ ከሌሎቹም መካከል በፊት ትወና ያልሞከሩ የአካባቢው ሰዎች አሉ፤ ዘውዲ የምትባል ባለታሪክ ስትጠራ ሲሰማ የአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ይነቃል። ፊልሙ በዚያው ዓመት በካን የፊልም ፌስቲቫል ልዩ ሽልማት አግኝቷል። ራቁትነትና ግልጽ የወሲብ ትዕይንት ስላለበት ግን ከልጅ ጋር ቀርቶ ከወላጅም ጋር የሚታይ አይደለም።

ፓዞሊኒ ሸህራዛድን ጨርሶ ቆርጦ አውጥቷታል። ይህ መመሪያ ከያዘው አቋም አንጻር ሊወቀስ የሚገባ ይመስላል። ነገር ግን ቦታዋን ለዙሙሩድ ሰጥቷል። ገበያ ላይ ስትሸጥ ገዢዋን የምትመርጠው ራሷ ናት፤ ተጠልፋ ስታመልጥ ወንድ መስላ ወደ አንዲት ከተማ ትደርሳለች፤ የከተማይቱ ልማድ ደግሞ ንጉሥ ሲሞት በመጀመሪያ የሚመጣውን መንገደኛ ማንገሥ በመሆኑ ትነግሣለች። በመጽሐፉ ቀጥሎ የምታደርገው ይህ ነው፤ በየወሩ ለሕዝቡ ሁሉ ግብር ታበላለች፣ ከወተትና ከስኳር የተሠራውን የሩዝ ገበታ ላይ እጁን የሚሰድ የበደላት ሰው ሲመጣ ታውቀዋለች። ጠላፊዎቿ አንድ በአንድ በዚያው ገበታ ይያዛሉ። ተረቱን ያነበበ ሰው ፊልሙ ከዚህ ውስጥ የትኛውን እንደያዘና የትኛውን እንደተወ ለመከታተል ይችላል። ታሪኮቹ አንዱ በሌላው ውስጥ ስለሚከፈቱ የሚደናገር ተመልካች፣ አዲስ ሰው መናገር በጀመረ ቁጥር ስሙን በወረቀት ላይ ቢያሰፍር ይረዳዋል።

ከአዲሶቹ አንድ ብቻ ለመጨመር፣ ጆርጅ ሚለር በ2022 ያወጣው፣ ቲልዳ ስዊንተንና ኢድሪስ ኤልባ የተጫወቱበት «ሦስት ሺህ ዓመት የናፍቆት» ከዚህ መጽሐፍ በቀጥታ የተቀዳ ባይሆንም ተራኪውን ወደ ቦታው የመለሰ ነው። ጂኒው በአንድ የሆቴል ክፍል ተቀምጦ ሦስት ምኞት እንድትመርጥ ለሚለምናት የተረት ሊቅ ያለፈበትን ይተርካል። ከሚተርካቸው አንዷ ንግሥተ ሳባ ናት፤ በክብረ ነገሥት ማክዳ ወደ ሰሎሞን እንደተጓዘች የሚያውቅ ሰው እዚህ ሰሎሞን ወደ እርሷ ሲመጣ በማየቱ ሊገረም ይችላል። ይህም የአዋቂ ፊልም ነው።

ከልጆች ጋር ሲታይ

የመግቢያው ታሪክ የዝሙትና የግድያ ታሪክ ስለሆነ ለትንንሽ ልጆች እንዳለ አይነገርም፤ ንጉሡ ሰው ማመን እንዳቆመና ሸህራዛድ በተረት እንዳለዘበችው መንገር ይበቃል። ሌላው መታለፍ የሌለበት ጉዳይ የጥቁር ሰው ሥዕል ነው። በመግቢያው የንግሥቲቱ ውሽማ ጥቁር ባሪያ ሆኖ መቅረቡ፣ በድሮ ፊልሞችም ጥቁሮች ከዘበኛ፣ ከጃንደረባና ከጂኒ በቀር ቦታ የሌላቸው መሆኑ የዘመኑን ንቀት ያሳያል። በ1940ው ፊልም ጂኒውን የተጫወተው ጥቁር አሜሪካዊው ሬክስ ኢንግራም ከዋና ተዋናዮቹ ሁሉ የሚልቅ ግርማ ነበረው፤ የተሰጠው ልብስ ግን ሽርጥ ብቻ ነበር። ልጅ ይህን አይቶ ሲጠይቅ ፊልሙን አቁሞ በግልጽ መመለስ ያስፈልጋል፤ ሳይጠይቅም ቢሆን ዐሥር ዓመት ላለፈው ልጅ ማንሣቱ ይሻላል።

በአንድ ምሽት ከአንድ ፊልም በላይ ማሳየት አይመከርም። ፊልሙ ረጅም ከሆነ፣ ለምሳሌ የ1980ው አሊ ባባ፣ ሌባው በሩን በጠመኔ ምልክት ካደረገበት ቦታ ላይ ማቋረጥ ይቻላል። ልጆቹ የተቀረውን በማግስቱ እስኪያዩ መርጊያና ምን እንደምታደርግ የየራሳቸውን ግምት እንዲናገሩ ማድረግ፣ ከዚያም ተረቱን ከጽሑፉ አንብቦላቸው ፊልሙን መቀጠል ነው።